«ተመዝግቧል» ያለን ገጽ

አምስት ሆነን እንነግዳለን። ሦስታችን የኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ሁለታችን የኬንያው ሞያሌ ነዋሪዎች ነን። ወደ ኬንያ ቦሎቄ እንልካለን፤ ወደ ኢትዮጵያ ሳሙና፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ዕቃ እናስገባለን። ይህን የምንጽፈው ግን አራታችን ነን። አምስተኛዋ ማማ ናቸው፤ ጽሑፉም እኛ በእሳቸው ላይ ስለፈጸምነው በደል ነው። ከማውጣታችን በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበንላቸዋል። «ይውጣ፣ ሌላው ይማርበት፤ ስሜን ግን ተዉት» ብለውናል።

በደሉ የመጣው ከአንድ አጭር ኮድ ነው። መስመሩ ቢቆጠር ከአሥር አይበልጥም። ኮድ የማያውቅ ነጋዴ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። ትንሽ ታገሱን። በስልክ ሂሳብ የሚይዝ ሁሉ፣ ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ «አንድ ነገር ሥራልን» ብሎ ያዘዘ ሁሉ ይመለከተዋል።

ድሮ ሂሳባችን በደብተር ነበር። ደብተሩ አንድ፣ ከተማው ሁለት ስለሆነ ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። እዚያ የተከፈለው እዚህ ሳይሰማ፣ እዚህ የተጫነው እዚያ ሳይጻፍ ይሰነብታል። ከመካከላችን ታናሹ ናይሮቢ ኮሌጅ ሳለ ኮድ መጻፍ ተምሮ ነበርና «ሁላችን በየስልካችን የምንጽፍበት አንድ ገጽ ልሥራ» አለ። በፒኤችፒ ሠራው። ፒኤችፒ ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ለራሱ ገጽ ብሎ የጀመረውና በ1995 ለሌላው የለቀቀው ቋንቋ ነው። እኛ የመረጥነው ለዝናው ሳይሆን በርካሽ ከሚከራዩት የድረ ገጽ ማስቀመጫዎች አብዛኞቹ ስለሚያስኬዱት ነው። ድሃ ነጋዴ በሚያገኘው ይሠራል።

ገጹ ቀላል ነበር። ቀን፣ የጆንያ ብዛት፣ ዋጋ፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ለማን እንደተከፈለ። ሞልታችሁ «መዝግብ» የሚለውን ስትነኩ በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» ይላል፤ ከሥሩ በስዋሂሊ «ኢሜሂፋዲዋ» ይላል። ያቺን አረንጓዴ ቃል እንደ ማኅተም ቆጠርናት። እሷን ካየን ስልኩን ኪሳችን ከተን ወደ ሥራችን ነው።

አንድ ቀን በቦሎቄ ወቅት፣ መኪና ቆሞ እየተጫነ፣ ገጹ አረንጓዴዋን ቃል ትቶ ስክሪኑን በእንግሊዝኛ ሞላው። «ፌታል ኤረር፣ አንኮት ፒዲኦ ኤክሴፕሽን» ይላል። ቀጥሎ የፋይል ስም፣ የመስመር ቁጥር፣ የዳታቤዙ መግቢያ ስም ሳይቀር ተዘርግፏል። ለካ ዳታቤዙ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ኖሯል። አጠገባችን የቆመ ገዢ አየውና «ሂሳባችሁ ተበላሸ እንዴ?» አለን። አፈርን። ማታ ታናሻችንን ጠርተን «ይህን ነገር ከፊታችን አጥፋልን» አልነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አጠፋው። መረቅነው፣ ሻይ ጋበዝነው። ምኑን እንዳጠፋው ግን አልጠየቅነውም።

ያጠፋውን ነገር ለመረዳት የሳሙና መኪና ሲራገፍ አስቡ። አንዱ መኪናው ላይ ቆሞ ካርቶን ይወረውራል፣ ሌላው ከታች ቆሞ ይቀልባል። ፒኤችፒም እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው አምስተኛ እትሙ ጀምሮ ስህተትን የሚይዝበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ የኮድ ክፍል ሥራውን መቀጠል ሲያቅተው ችግሩን ጠቅልሎ ይወረውራል። ይህ «ትሮው» ይባላል። የሚወረወረው ጥቅል ኤክሴፕሽን ነው፤ ምን እንደተበላሸ፣ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደተበላሸ ተጽፎበታል። ሊበላሽ ይችላል የምንለውን ሥራ «ትራይ» በሚባለው ክፍል ውስጥ እናስገባና ከሥሩ «ካች» የሚባል ቀላቢ እናቆማለን።

የተወረወረው ጥቅል በቅርቡ ቀላቢ ካላገኘ ሥራውን ወዳዘዘው ክፍል ያልፋል። እዚያም ከሌለ ወደዚያኛው አዛዥ ይሄዳል፤ እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ይደርሳል። ማንም ካልቀለበው ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ያ ያስደነገጠን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ካርቶን መሬት ላይ ሲፈነዳ ማለት ነው። ያስደነግጣል፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ታናሻችን ያደረገው እንዲህ ነበር። ዳታቤዙ ላይ የሚጽፈውን ሥራ ትራይ ውስጥ አስገባ። ከሥሩ ካች አቆመ። ካቹ ውስጥ ግን ምንም አልጻፈም፤ ባዶውን ተወው። ከዚያ በታች «ተመዝግቧል» የምትለዋ መስመር እንደነበረች አለች። እንግዲህ ቀላቢው ካርቶኑን ቀልቦ ድምፅ ሳያሰማ ጉድጓድ ይከተዋል፤ ከዚያ ዞሮ «ደርሷል» ብሎ ይፈርማል። በዚህ ላይ ነው አምስታችን ሂሳባችንን ያቆምነው።

ማማ በኬንያው ወገን ገንዘባችንን የሚይዙ ናቸው። የቦሎቄውን ሺሊንግ ከገዢ ይቀበላሉ፣ ከዚያው ላይ የሳሙናና የፍራሽ አቅራቢዎችን ይከፍላሉ፣ የጫኝና አውራጅ ይሰጣሉ። በዱቤ ስለምናነሳ ዕቃው ቀድሞ ይመጣል፣ ክፍያው ይከተላል። እስከዚያ ድረስ ማማ በስልክ ይነግሩን ነበር፣ ገጹ ላይ የምንጽፈው እኛ ነበርን። በኋላ «እኔም ጣት አለኝ» አሉና ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። በወጣትነታቸው የሱቅ ሂሳብ ያዥ ነበሩ። ቁጥር ሲጽፉ ከየሦስቱ አኃዝ በኋላ ኮማቸውን ያስገባሉ። አርባ ስምንት ሺህ አምስት መቶን 48,500 ብለው ነው የሚጽፉት። እኛ ደግሞ በጥድፊያ 48500 ብለን እናልፋለን።

ሁለት ወር ሄደ። ወቅቱ ጋብ ሲል ለሂሳብ ተቀመጥን። ማማ የተቀበሉት ገንዘብ ሙሉው አለ፤ ሽያጩን የምንጽፈው እኛ ስለሆንን። የከፈሉት ግን የለም። የጫኝ 600 አለ። የጥበቃ 350 አለ። የአቅራቢዎቹ ዘጠኝ ትልልቅ ክፍያ አንዱም የለም። ድምሩ 283,400 ሺሊንግ ነው።

ሰው ሌላውን ሲጠረጥር ሁሉ ነገር ማስረጃ ይሆንለታል። «ትንሽ ትንሹን ጽፈው ትልልቁን ተዉት» አልን። «ራሴ ልጻፍ ያሉት ለዚህ ነው» አልን። አቅራቢዎቹ በእርግጥ ያልተከፈላቸው ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ዝም እንደማይሉ አንዳችንም አላሰብንም። ባለዕዳን የሚፈልግ አቅራቢ ምን እንደሚመስል ድንበር ላይ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ስልክ አያስነሳም፣ ሱቅ አያስከፍትም። የእነሱ ዝምታ ብቻውን ይበቃን ነበር።

ማማን ጠራናቸው። ሻይ ቀረበ፣ ማንም አልጠጣውም።

«ማማ፣ 283,400 ሺሊንግ ጎድሏል» አልናቸው።

«ከየት ነው የጎደለው?»

«ገጹ ላይ የለም።»

«እኔ የከፈልኩትን ጽፌያለሁ። ጽፌም ተመዝግቧል ብሎኛል። ደብተሬም ይኸው፣ የተቀባዮቹ ፊርማ አለበት።»

ከመካከላችን አንዱ «ደብተር ሰው ይጽፈዋል፤ ማሽን አይዋሽም» አለ። ማን እንዳለው እዚህ አንጽፍም። ሌሎቻችን ዝም ስላልን የአራታችን ቃል ነው።

ማማ ብዙ አልተናገሩም። ስልካቸውን አወጡና «እንግዲያው እዚሁ ፊታችሁ ልጻፈው» አሉ። ከደብተራቸው የመጀመሪያውን ክፍያ እያዩ በቀስታ ጻፉ፦ 48,500። ነኩት። አረንጓዴዋ ቃል መጣች። «ይኸው ተመዝግቧል» ብለው ስልኩን አዞሩልን። ታናሻችን በራሱ ስልክ ዝርዝሩን ከፈተ። የለም። እንደገና ከፈተው። የለም።

ፊቱ ሲለዋወጥ አየነው። «600 ብለው ይጻፉልኝ» አላቸው። ጻፉ፤ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። «አሁን 48500 ይበሉ፣ ኮማ ሳያስገቡ።» ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተሰማው የሻይ ማንኪያ እንኳ አልነበረም።

ነገሩ ይህ ነው። ዳታቤዙ የገንዘቡን ቦታ የሚያውቀው እንደ ቁጥር ነው። ኮማ ያለበት ጽሑፍ ለእሱ ንጹሕ ቁጥር አይደለም። ጥብቅ በሆነው አሠራሩ ላይ ስለነበር «ይህን አልቀበልም» አለ። ከፒኤችፒ ጋር የሚያገናኘው ፒዲኦ የሚባለው መሣሪያ እምቢታውን ጠቅልሎ ወረወረው። ባዶው ካች ቀለበው፣ ዋጠው። ቀጣዩ መስመር «ተመዝግቧል» አለ። ከሺህ በታች ያለው ቁጥር ኮማ ስለሌለው አለፈ፣ ከሺህ በላይ ያለው ሁሉ ጠፋ። የማማ ጥንቃቄ ነው ሌባ ያስመሰላቸው።

ታናሻችን በኋላ የነገረን ነገር ይበልጥ አሳፈረን። ፒዲኦ ድሮ እንዲህ አይጮህም ነበር። ካላዘዛችሁት በቀር ሲሳሳት ዝም ማለት ነበር ልማዱ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከወጣው ከፒኤችፒ 8 ጀምሮ ግን ሳይታዘዝም ኤክሴፕሽን እንዲወረውር አደረጉት። ዝምታው ስንቱን እንደጎዳ አይተው ይሆናል ብለን እናስባለን። ቋንቋው መጮህ ለምዶ መጣልን፤ እኛ አፉን አፈንነው።

እዚያው ተቀምጠን ታናሻችን ቶሎ ሊያስተካክለው ሞከረ። የሚጻፈውን ሁሉ በግድ ወደ ቁጥር የሚለውጥ አንድ ቃል ጨመረ። ማማ እንደገና 48,500 ጻፉ። አረንጓዴ መጣ። ዝርዝሩ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ አለ፤ ግን 48 ሺሊንግ ይላል። ፒኤችፒ እንዲህ በግድ ሲታዘዝ ከፊት ያለውን ቁጥር እስከ ኮማው ድረስ ወስዶ የቀረውን ይጥለዋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

ሌሎቻችን «ቢያንስ አሁን ገባ» ልንል ስንል ማማ ቀደሙን። «ከመጥፋቱ ይሄ ይብሳል» አሉ። «የጠፋ ይፈለጋል። 48 ተብሎ የተጻፈውን ማን ይፈልገዋል?»

ሌባ ልንላቸው የጠራናቸው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማሩን። ስህተት ሲጮህ ያሳፍራል፣ ሥራ ያስቆማል፣ ግን ራሱን ያሳያል። ዝም ያለ ስህተት ሰው ይከሳል። እውነት መስሎ የገባ ስህተት ደግሞ ከሁለቱም ይከፋል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለሰው ነው፤ ለኮድም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ገጹን አብረን ተቀምጠን አስተካከልነው። ኮድ የሚጽፈው አንዱ ነው፤ ምን መሆን እንዳለበት የምንወስነው ግን አምስታችን ሆንን። ያደረግነውን በተራ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ «ተመዝግቧል» የምትለዋን መስመር ቦታዋን ለወጥን። ድሮ ከካቹ በታች ስለነበረች ሥራው ተሳካም አልተሳካም ትወጣ ነበር። አሁን ትራይ ውስጥ፣ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ናት። ከእሷ በፊት ካሉት አንዱ እንኳ ኤክሴፕሽን ከወረወረ ፒኤችፒ የቀሩትን መስመሮች ዘሎ ወደ ካቹ ይሄዳል፤ አረንጓዴዋ ቃል አትወጣም። አንድ መስመር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ አልቋል የሚል ቃል አይውጣ።

ሁለተኛ በሩ ላይ ጠባቂ አቆምን። የተጻፈው ገንዘብ ወደ ዳታቤዙ ከመሄዱ በፊት ይታያል። ኮማው በትክክል ከሦስት ሦስት አኃዝ በፊት ከሆነ እናነሳዋለን፤ 48,500 ወደ 48500 ይለወጣል። 48,50 ከሆነ ግን ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለጉ አናውቅምና አንገምትም። ፊደል ከገባበትም፣ ባዶም ከሆነ አንገምትም። ራሳችን የሠራነውን «የገንዘብ መጠን ስህተት» የሚባል ኤክሴፕሽን እንወረውራለን። ኤክሴፕሽን የግድ ማሽኑ ሲበላሽ ብቻ የሚመጣ መስሎን ነበር። እኛም «ይህ ትክክል አይደለም» ለማለት ልንወረውረው እንችላለን።

ሦስተኛ ቀላቢዎቹን ለየን። ድንበር ላይ የምንውል ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ሞያሌ ላይ የተመረቀውን፣ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድነት የሚያስተናግዱበትን የድንበር ጣቢያ አስቡ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀታችሁ ላይ የጎደለ ካለ ይነግራችኋል፣ አሟልታችሁ ትመለሳላችሁ። ከሥልጣኑ በላይ የሆነውን ወደ አለቃው ይመራል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ «ጨርሳችኋል፣ እለፉ» የሚል ሠራተኛ ቢኖር ግን ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ቀጥሎ ያለው ኬላ ላይ ያስይዘዋል። ባዶ ካች ያ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ አንዱ ካች የገንዘብ መጠን ስህተትን ብቻ ይቀልባል፤ ጸሐፊው ራሱ ሊያርመው ይችላልና «አልተመዘገበም፤ ገንዘቡን አይተው እንደገና ይጻፉ» ይላል፣ በሁለቱም ቋንቋ። ሌላው ካች የዳታቤዙን ችግር ይቀልባል፤ «አልተመዘገበም፤ ለጊዜው በደብተር ያዙት» ይላል። የቀረውን፣ ምን እንደሆነ የማናውቀውን፣ እዚያ አንቀልብም። ወደ ላይ ይሂድ። ላይ አንድ የመጨረሻ ቀላቢ አለ፤ የመጣውን በሙሉ በመዝገብ ይጽፋል፣ ለተጠቃሚው አጭር ይቅርታ ያሳያል፣ ለታናሻችን ስልክ መልእክት ይልካል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮድ ለምትጽፉ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ የሚወረወሩት ነገሮች ሁለት ዘር ናቸው። አንዱ «ኤክሴፕሽን»፣ ሌላው «ኤረር» ይባላል። የቁጥር ቦታ ላይ ቁጥር ያልሆነ ነገር ለአንድ ተግባር ሲሰጥ የሚመጣው ዓይነት ከሁለተኛው ዘር ነው። ኤክሴፕሽን ብቻ የሚቀልብ ካች እሱን አያገኘውም። ሁለቱንም በአንድ ስም የሚጠራው «ትሮዌብል» ነው። የመጨረሻው ቀላቢያችን የቆመው በዚህ ስም ነው። ታች ባሉት ክፍሎች ግን ይህን ሰፊ ስም አንጠቀምም፤ ሁሉን የሚቀልብ ምን እንደያዘ አያውቅም።

አራተኛ የሂሳቡን ሁለት እግር አሰርን። ማማ ለአቅራቢ ሲከፍሉ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ከእጃቸው ገንዘብ ይቀነሳል፣ ከአቅራቢው ዕዳ ይቀነሳል። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ሂሳቡ ያነክሳል። አሁን ሁለቱ በአንድ «ትራንዛክሽን» ውስጥ ናቸው። መካከል ላይ ኤክሴፕሽን ከተወረወረ ካቹ «ሮልባክ» ይላል፤ የተጻፈው ግማሽ እንዳልተጻፈ ይሆናል። ካቹ ግን በዚያ አይበቃውም። የያዘውን መልሶ ወደ ላይ ይወረውራል፤ እሱ ያጸዳው ቤቱን ነው፣ ችግሩ ግን ገና ለሰው መነገር አለበት። «ፋይናሊ» የሚባል ክፍልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በፒኤችፒ 5.5 የገባ ነው። ተሳካም አልተሳካም መጨረሻ ላይ ይሠራል። አትርፈንም ከስረንም ማታ ሱቅ እንደምንዘጋው ማለት ነው። የተከፈተ ፋይል የምንዘጋው እዚያ ነው።

አምስተኛ ጩኸቱን ቦታ ሰጠነው። ያ ገዢ ፊት ያሳፈረን ጽሑፍ በእርግጥም ለሰው መታየት አልነበረበትም፤ የዳታቤዙ መግቢያ ሳይቀር ሊወጣበት ይችላልና። ልክ ነበርን። የተሳሳትነው ከገዢው ስንደብቀው ከራሳችንም መደበቃችን ነው። አሁን ስህተትን ስክሪን ላይ ማሳየት ተዘግቷል፣ በመዝገብ መጻፍ ተከፍቷል። መዝገቡን ማንበብም መልመድ ነበረብን። አንድ ቀን 8:14 የሚል አይተን «በዚያ ሰዓት ማን ገጹን ነካው?» እያልን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደነበርን ስንጠያየቅ ዋልን። ለካ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። እኛም ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹም ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ አምስታችንም እኩል ተሳሳትን። በዚህ ብቻ ተሳስቀናል።

ኮዱ በሦስት ቀን ተስተካከለ። የቀረው ግን ኮድ አልነበረም።

በማግስቱ ስኳርና ቡና ይዘን ማማ ቤት ሄድን። ገና ከበሩ አንዳችን «ፖሌ ማማ» አለ። ማማ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ፖሌ ዝናብ ለመታው፣ እንቅፋት ለመታው ነው» አሉ። «እኔን የመታኝ ዝናብ አይደለም። ሳማሃኒ በሉ።» ስዋሂሊ ለምታውቁ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ለደረሰበት ሰው ማዘን ነው፤ ሁለተኛው የራስን ጥፋት ይዞ ይቅርታ መለመን ነው። አራታችንም ቆመን «ሳማሃኒ» አልን።

ይቅር አሉን። ታናሻችንን ለይተን ልንወቅሰው ስንጀምር ግን አስቆሙን። «ልጁን ተዉት። ጩኸቱን አጥፋልን ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የታዘዘውን ነው ያደረገው» አሉ። እውነት ነው። ባዶውን ካች የጻፈው እሱ ነው፤ ያዘዝነው ግን እኛ ነን። ደግሞም ገጹ ብቻ አልነበረም ባዶ ካች የነበረው። «ማሽን አይዋሽም» ሲባል የሰማን ሦስት ሰዎች ቀልበን ዋጥነው፣ ምንም እንዳልሰማ ሆንን።

ሁሉ ነገር ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ማማ የእቁባችን ሰብሳቢ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ «ሌላ ሰው ምረጡ» አሉ፤ ለምነናቸዋል፣ አልተመለሱም። ዕጣቸውን ይጥላሉ፣ ሰብሳቢ ግን አይሆኑም። ዳታቤዙ ሮልባክ አለው፤ እኛ የተናገርነው ቃል የለውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የምናስተላልፈው አጭር ነው። ገጽ ወይም አፕ ያሠራችሁ እንደሆነ፣ ሠሪውን «ሲሳሳት ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ምንም አይልም» ካላችሁ አትመርቁት። ራሳችሁ ሆን ብላችሁ ተሳስታችሁ ሞክሩት፤ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ፣ ቁጥር በፊደል ጽፋችሁ፣ ኮማውን ያለቦታው አስገብታችሁ። «ተመዝግቧል» ሲላችሁ ዝርዝሩን ከፍታችሁ እዩ። ደብተራችሁንም አትጣሉ። ሂሳብ ሲጎድል ደግሞ ከሰው በፊት መሣሪያውን ፈትሹ።

ማማ ዛሬም ኮማቸውን አልተዉም። እንዲያውም አንድ ልማድ ጨምረዋል። በየቅዳሜው ጠዋት፣ የመጀመሪያው መኪና ከመምጣቱ በፊት፣ ስልካቸውን ያወጡና በገንዘቡ ቦታ ላይ በፊደል «አርባ ስምንት ሺህ» ብለው ይጽፋሉ። ገጹ በቀይ «አልተመዘገበም» ይላቸዋል። እሱን ካዩ በኋላ ስልኩን እያስቀመጡ «ደህና አድሯል» ብለው ሻያቸውን ይቀዳሉ።